ገመዱ ተቈርጦ ያልወደቀው አሳንሰር



ከፍ ወዳለ ሕንፃ ለጕዳይ ስትገቡ፤ አሳንሰሩ ዘንድ ቆማችሁ ቍልፉን ትጫናላችሁ። በሩ ሲከፈትም ያለ ሥጋት ትገባላችሁ። ገመዱ ይበጠስ ይሆን ወይ ብሎ የሚጨነቅ ከመካከላችሁ ስንቱ ነው? ይህ መተማመን ግን ከሕንፃው ጋር አብሮ የተገኘ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ታሪኩም በአሜሪካ አገር ከተቋቋመው ከኦቲስ የአሳንሰር ኩባንያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አስቀምጠናቸዋል።

ሸክምን በገመድና በመዘውር ወደ ላይ መሳብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽም በእንፋሎት የሚሠሩ የዕቃ ማንሻዎች በየፋብሪካው ነበሩ። የጐደለው ኀይል አልነበረም። ችግሩ ገመዱ ነበር፤ ገመድ እያደር ያልቃል፤ ያለቀም ገመድ ሳይታሰብ ይበጠሳል። ስለዚህ በማንሻው ላይ ሸክሙን የሚጭነው ብዙ ሲሆን፤ ራሱን ለመጫን የሚደፍረው ጥቂት ነበር።

ኤሊሻ ግሬቭስ ኦቲስ በ1811 በቨርሞንት ግዛት ተወለደ። ሠረገላ ሠራ፤ ወፍጮም ያዘ፤ ነገር ግን ሀብት አልቀናውም። በ1852 በኒውዮርክ አጠገብ በምትገኘው በዮንከርስ ከተማ በአንድ የአልጋ ፋብሪካ ሲሠራ፤ ዕቃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ማንሻ አስፈለገ። እርሱም አንድ ቀላል ነገር አሰበ። የሠረገላ ባሌስትራ ወስዶ ከማንሻው ራስ ላይ ከገመዱ ጋር አያያዘው። ሸክሙ ተንጠልጥሎ ገመዱ እንደ ተወጠረ ባሌስትራው ይጐብጣል። ገመዱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን ባሌስትራው ወዲያውኑ ይዘረጋና፤ በግራና በቀኝ በቆሙት ባለ ጥርስ ሐዲዶች ውስጥ መያዣዎቹን ይሰካል። ማንሻውም ባለበት ይቆማል። እንግዲህ ኦቲስ አሳንሰርን አልፈጠረም፤ የፈጠረው የማይወድቅ አሳንሰርን ነው።

ሰውዬው ራሱ የፈጠራውን ዋጋ ቶሎ ያወቀው አይመስልም። ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ለመሄድ አስቦ ሳለ፤ በ1853 ሁለት የዕቃ ማንሻ እንዲሠራ ስለ ታዘዘ ጕዞውን ተወው ይባላል። ኩባንያውም የተቋቋመው በዚሁ ዓመት ነው። ገበያው ግን ቀዝቃዛ ነበረ። ስለዚህ በ1854 በኒውዮርክ የክሪስታል ቤተ መንግሥት ትርኢት ላይ፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ራሱ በማንሻው ላይ ወጥቶ ወደ ላይ ተሳበ፤ ከዚያም ገመዱ እንዲቈረጥ አዘዘ። ተመልካቹ ደነገጠ። ማንሻው ጥቂት ዝቅ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህን ያህል ማስረጃ በጽሑፍ ቢያቀርብ ኖሮ ማን ባመነው!

በመጋቢት 1857 በኒውዮርክ ብሮድዌይ ጐዳና በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ የመጀመሪያው የኦቲስ የሰው ማመላለሻ አሳንሰር ሥራ ጀመረ። ኤሊሻ ኦቲስ ከአራት ዓመት በኋላ በ49 ዓመቱ ሞተ፤ ቻርልስና ኖርተን የተባሉት ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የከተማን መልክ ለወጠ። ቀድሞ ደረጃ መውጣት ስለሚያደክም የላይኛው ፎቅ ኪራይ ርካሽ ነበር፤ አሳንሰር ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ብርሃንና ንጹሕ አየር ያለበት የላይኛው ፎቅ ውድ ሆነ። በ1889 በፓሪስ የኤፌል ግንብ ሲመረቅ፤ ባዘነበሉት እግሮቹ ውስጥ ወደ ሁለተኛው ደርብ የሚወጣውን አሳንሰር የሠራው ኦቲስ ነበር።

ተንቀሳቃሹን ደረጃ በሚመለከት ኩባንያው አንድ አስገራሚ ነገር ደርሶበታል። ቻርልስ ሲበርገር የተባለው መሐንዲስ ከኦቲስ ጋር የሠራው ደረጃ በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ታየ፤ «እስካሌተር» የሚለውም ስም በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በ1950 የአሜሪካ የፈጠራ መዝገብ ቤት ስሙ የሁሉም መጠሪያ ሆኗል ብሎ ፈረደ። ለፍርዱ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ የኦቲስ የራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ቃሉን እንደ ተራ ስም ጽፎት ተገኘ። ወረቀት በሚጽፍበት እጅ ላይ ይመሰክራልና፤ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ይህ አይጠፋችሁም። (እኛም አሳንሰር የምንለው የፈረንሳዮችን ቃል ወስደን ነው።)

በሐምሌ 1945 አንድ የጦር አውሮፕላን በጭጋግ ውስጥ ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ጋር ተጋጭቶ 14 ሰዎች ሞቱ። የአሳንሰሩ ገመዶች ከመጠበቂያው ገመድ ጭምር ስለ ተቈረጡ፤ የአሳንሰር ነጂ የነበረች አንዲት ሴት ከ70 ፎቅ በላይ ከፍታ ወደቀች፤ ግን በሕይወት ተረፈች። በዚያው ዓመት መስከረም በኒውዮርክ የአሳንሰር ነጂዎችና የሕንፃ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ፤ በብዙ ረጃጅም ሕንፃዎች የሚካሄደው ሥራ ተስተጓጐለ። የሕንፃ ባለቤቶችም ነጂ የማያስፈልገውን አሳንሰር በብርቱ ይሹ ጀመር። ኦቲስም በ1950 በራሱ የሚሠራ አሳንሰር አቀረበ። ባዶ ሣጥን ውስጥ ብቻውን የገባ መንገደኛ እንደ ገና ፈራ፤ ነጂዎቹ ግን ከየሕንፃው አንድ በአንድ ተሰናበቱ።