ያነበብነው ደብዳቤ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

በስልክ መስመር ኢሜይል ያወረደ ሰው ይህቺን ነገር ያውቃታል፡፡ ሞደሙ ይጮሃል፣ መስመሩ እንደምንም ይገባል፣ ፕሮግራሙ “47 አዳዲስ መልእክቶች” ብሎ ያበስራል፡፡ ደስ ብሎን ስንከፍት 45ቱ ትናንት ያነበብናቸው ናቸው፡፡ ከትናንት በስቲያም አንብበናቸው ነበር፡፡

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ትንሽ ቢሮ ይኸው ችግር ገጠመን፡፡ ኃላፊያችን “ቫይረስ ነው” አሉ፤ ጸሐፊዋ “ሰይጣን ነው” አለች፡፡ የተጠራው ባለሙያ ግን አልተጨነቀም፤ “ቅጂው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ” የምትለዋን ምልክት አነሳትና ድግግሞሹ ቆመ፡፡ ተመስግኖ ሄደ፡፡ ከጥቂት ወራት በኋላ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ፡፡ የሁለት ዓመት ደብዳቤ አብሮ ሄደ፤ ሰርቨሩ ላይ የቀረ አንድም አልነበረም፡፡

ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፡፡

የፖስታ ሳጥኑ

ነገሩ የሚጀምረው በ1984 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፡፡ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ትሠራ የነበረችው ጆይስ ሬይኖልድስ “ፖስት ኦፊስ ፕሮቶኮል” (በአጭሩ ፖፕ) የተባለውን ሥርዓት የመጀመሪያ ሰነድ አወጣች፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሁልጊዜ በርተውና ተገናኝተው አይውሉም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሠራ ትልቅ ማሽን ደብዳቤያቸውን ይቀበልላቸው፣ እነሱም በተመቻቸው ሰዓት መጥተው ይውሰዱ፡፡

ይህ ሐሳብ ደብዳቤ ቤቱ ድረስ ከሚመጣለት አሜሪካዊ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፡፡ እኛ ፖ.ሣ.ቁ. አለን፡፡ ቁልፋችንን ይዘን ፖስታ ቤት እንሄዳለን፣ ሳጥኑን ከፍተን ያለውን እንወስዳለን፣ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል፡፡ በ1985 ሁለተኛው፣ በ1988 ደግሞ በማርሻል ሮዝ የተጻፈው ሦስተኛው የፖፕ ዓይነት ወጣ፡፡ የዚህ የሦስተኛው የ1996 ሰነድም የተለመደው አሠራር ደብዳቤን አውርዶ ከሳጥኑ ማጥፋት እንደሆነ ይናገራል፡፡ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ አሮጌ ደብዳቤ ከየት ይመጣል?

ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ሳጥን

ችግሩ የመጣው ሰው ሁለት ኮምፒውተር ሲኖረው ነው፤ አንድ ቢሮ፣ አንድ ቤት፡፡ ደብዳቤው በሁለቱም እንዲገኝ ሳጥኑ ውስጥ መተው ነበረበት፡፡ ታዲያ የተነበበው ካልተነበበው በምን ይለያል? ፖፕ ደብዳቤዎቹን በየግንኙነቱ 1፣ 2፣ 3 እያለ እንደ አዲስ ይቆጥራቸዋል፡፡ አንዱ ሲጠፋ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል፡፡

በቀደሙት ሰነዶች “ላስት” የሚባል ትእዛዝ ነበር፤ እስከ ስንተኛው ደብዳቤ እንደታየ ይናገራል፡፡ ግን ማን እንዳየው አይናገርም፡፡ የቢሮው ኮምፒውተር 20 ደብዳቤ ካየ፣ ምንም ያላየው የቤቱ ኮምፒውተርም “20 ታይቷል” ይባላል፡፡ በ1994 በወጣው ሰነድ “ላስት” ተሰረዘና “ዩአይዲኤል” ተተካ፡፡ ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ እስከ 70 ፊደል የሚደርስ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ መለያው በሌላ ቀንም አይለወጥም፡፡

እዚህ ላይ ልብ በሉ! መለያውን የሚሰጠው ፖስታ ቤቱ ነው፤ የትኛውን እንደወሰድን የሚመዘግበው ግን የእኛው ፕሮግራም ነው፡፡ ተንደርበርድ “ፖፕስቴት” በሚባል ትንሽ ፋይል ይመዘግባል፤ የድሮው አውትሉክ ኤክስፕረስም የራሱ መዝገብ ነበረው፡፡ ያቺ ፋይል ከተበላሸች፣ ዲስኩ ሞልቶ መጻፍ ካልተቻለ፣ ወይም ሰርቨሩ ተቀይሮ አዲስ መለያ ከሰጠ፣ ለፕሮግራማችን ደብዳቤው ሁሉ አዲስ ነው፡፡

ሳይሰናበቱ መሄድ

ሌላም ምክንያት አለ፤ እኛን በደንብ የሚመለከተን፡፡ በ1997 ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ሲገባ የመጣው በስልክ መስመር ነው፣ መስመሩም ይቋረጣል፡፡ በፖፕ ሕግ ደግሞ “አጥፋ” የተባለ ደብዳቤ ወዲያው አይጠፋም፤ ምልክት ብቻ ይደረግበታል፡፡ የሚጠፋው ፕሮግራሙ “ጨርሻለሁ” ብሎ ሲሰናበት ነው፡፡ ሳይሰናበት መስመሩ ከተቆረጠ ሰርቨሩ ምንም ማጥፋት የለበትም፡፡ መዝገቡን መጨረሻ ላይ ብቻ የሚጽፍ ፕሮግራም ከሆነማ ያወረደውንም ሳይመዘግብ ይቀራል፡፡ አንድ ትልቅ ፎቶ መሐል ላይ ተደንቅሮ መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ከሀ እንጀምራለን፡፡

ያናድዳል፤ ግን ሕጉን የጻፉት ሰዎች አስበውበታል፡፡ መስመር ሲቋረጥ ደብዳቤው መድረሱን ሰርቨሩ እርግጠኛ መሆን አይችልም፡፡ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ጊዜያችን ይባክናል፤ ጭራሽ ቢጠፋ ግን የሚመልሰው የለም፡፡ ስለዚህ ድግግሞሹን መረጡ፡፡ የቢሯችን ባለሙያ ያጠፋው ይህንን ጥንቃቄ ነው፡፡ ድግግሞሹን ለማቆም ብሎ መጠባበቂያችንን ወሰደብን፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ያሉትን ደብዳቤዎች ሌላ ቦታ ቅዱ፡፡ ከዚያ ዲስኩ አለመሙላቱን፣ ጸረ ቫይረሱ መዝገቡን አለመቆለፉን እዩ፡፡ የተደነቀረ ትልቅ ደብዳቤ ካለ በድረ ገጽ ገብታችሁ አንሱት፡፡ መዝገቡ ራሱ ከተበላሸ ፕሮግራሙን ዝጉና ፋይሉን ከቦታው አንሱት፤ አንድ የመጨረሻ ጊዜ ሁሉም ይወርዳል፣ ከዚያ አዲስ መዝገብ ይከፈታል፡፡ ሰርቨር ላይ ያለውን ቅጂ ግን አትንኩ!

ሌላም መንገድ አለ፡፡ ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው “አይማፕ” ደብዳቤውንም የተነበበበትን ምልክትም ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፡፡ ሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ አንዱን መዝገብ ያያል፡፡ ሰርቨራችሁ ከፈቀደ ወደዚያ ተሻገሩ፡፡ እሱም ቢሆን መጠባበቂያ አይደለም፤ ከአንዱ ያጠፋችሁት ከሁሉም ይጠፋል፡፡

አሮጌው ደብዳቤ ተመልሶ ሲመጣ እንግዲህ ሰይጣን አትበሉት፡፡ ቢያንስ አልጠፋም ማለት ነው፡፡ የእኛ ቢሮ የሁለት ዓመት ደብዳቤ ግን አንድ ቀን እንኳን ተመልሶ አልመጣም፡፡