ሁለት ወረቀት፣ አንድ መምህር

ከአዲስ አበባ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ሰንበቴን ያውቃታል። እሑድ እሑድ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በገበያዋ ይገናኛሉ። የትምህርት ቤቱ ነገርም ከገበያው ብዙ አይርቅም። በአፋን ኦሮሞ የተማረውና በአማርኛ የተማረው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ሁለቱንም እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። ታዲያ ለፊዚክስ መምህራቸው ፊዚክስ ማወቁ ብቻ ይበቃዋል? ማስተማርንስ የት ተማረ? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ ጥያቄ ስልሳ ዓመት ያህል የተለያየ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል።

የመጀመሪያው መልስ ከችግር የመጣ ነበር። በ1950ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከመጥፋቱ የተነሳ በ1955 የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ አብዛኞቹም ጠመኔ ጨበጡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ ብዙውም ያስተምራል። እነዚያ ወጣቶች የማስተማር ሙያ ሳይሰለጥኑ ክፍል ቢገቡም አገሩን አወቁ። ይህ ቀላል ትምህርት አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ ዲግሪውንና ሙያውን ባንድ ላይ መስጠት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ፣ ኋላም ኮተቤና ባሕር ዳር በዚህ መንገድ ብዙ መምህር አፍርተዋል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ፣ በተለምዶ «ቴሶ» የምንለው፣ ሠልጣኙ ትምህርት ቤት የሚያሳልፈውን ጊዜ አበዛ። ወዲያው ግን «የትምህርት ዓይነቱ ዕውቀት ሳሳ» የሚል ወቀሳ ተነሳ።

ሦስተኛው መልስ ከዚህ ወቀሳ ተወለደ። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተማሪው መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ በዲግሪ ይመረቅ፣ ከዚያ አንድ ዓመት የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይውሰድ ተባለ። ይኸው ሁላችን የምናውቀው ፒጂዲቲ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን ሙያው መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሆነ። ሌላ ሥራ ያጣ የሚጠለልበት ነው የሚል ሐሜትም አልቀረለትም። ዲፕሎማው ማስተርስ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ማስተርስ ሲፈልግ እንደገና ክረምት ከክረምት ይመላለሳል፤ ያኔ የሚማረው ደግሞ ባመዛኙ የትምህርት ዓይነቱን ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ሰው እጅ ቢገቡም ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

ሌላው ዓለም ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ሃርቫርድ በ1936 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንቱ በጄምስ ኮናንት ዘመን የማስተማር ማስተርስ የሚባለውን ጀመረ። የትምህርት ዓይነቱ ፋኩልቲና የትምህርት ፋኩልቲው አንድን ሠልጣኝ በጋራ እንዲያሠለጥኑ ነበር የታሰበው። ዛሬ በአሜሪካ በዚህ መንገድ ማስተርሱንና የመጀመሪያ የማስተማር ፈቃዱን ባንድ ፕሮግራም ማግኘት የተለመደ ነው።

እኛ ይህን እንዳለ እንቅዳ አልልም። ከራሳችን ታሪክ ግን አንድ ነገር ይታየኛል፤ ሦስቱም መልሶቻችን አንዳንድ ነገር ጥለዋል። አንዱ ሙያውን፣ አንዱ የዕውቀቱን ጥልቀት፣ አንዱ አገሩን ማወቅን። የሰንበቴው ዘጠነኛ ክፍል ሦስቱንም ይፈልጋል። ልጁ «አልገባኝም» ሲል ያልገባው ፊዚክሱ ይሁን እንግሊዝኛው ለይቶ የሚያውቅ መምህር ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ ከሞጁል ብቻ አይገኝም። ከልጆቹ ጋር ዓመት መዋልን፣ አጠገብ ሆኖ የሚያርም ነባር መምህርንም ይጠይቃል።

ውድ መምህራኖቻችን፣ የፒጂዲቲው ዓመት ለማስተርሱ የሚታሰብበት፣ ጥናታዊ ጽሑፉም ሠልጣኙ ባስተማረበት ክፍል ላይ የሚሠራበት መንገድ ቢፈለግ ምን ይከብዳል? እናንተ በየወረዳው የተበተናችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም፣ ክፍላችሁን ለሠልጣኝ ክፈቱለት። መቼም እንደ ድሮው አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ይውረድ ካልን፣ አሁን የሚቀበለውና የሚያሳየው ሰው አለ፤ እናንተ አላችሁ።