የጠዳ ጥቁር ድንጋይና የእሳተ ገሞራ ጥናት ታሪክ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድ አዘዞን አልፎ የሚያገኛት ጠዳ የተቀመጠችው፣ እንደ መላው የጎንደር ደጋ፣ በአንድ ወቅት ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ላይ ነው። ገበሬው የሚያርሰው ዋልካ ይኸው ጥቁር ድንጋይ በዘመን ብዛት በስብሶ የሆነው አፈር ነው። የፋሲል ግንብም ከዚሁ ድንጋይ በኖራ የተገነባ ነው፤ በበርና በመስኮቶቹ ዙሪያ የሚታየው ቀላ ያለው ድንጋይ ደግሞ ተጣብቆ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ፍሳሹ የወጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የዕድሜ ልኬት እንዳሳየው፣ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተደራርቦ አልቋል። የስሜን ተራሮች በዚሁ ፍሳሽ ላይ የተቆለለ የአንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው። ስለዚህ ለጠዳ ሰው እሳተ ገሞራ የሩቅ ዘመን ነገር ነው፤ ከጣና ደቡብ ዓባይ በጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ድንጋይ ግን ከዚህ እጅግ የቅርብ ነው።

የደጋውን ድንጋይ በሳይንስ ዓይን ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የመጣው ከጦር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የሥነ ምድር ባለሙያው ዊሊያም ብላንፎርድ አብሮ ተጓዘ። ሠራዊቱ ባለፈበት መንገድ ያየውን ፍሳሽ በሁለት ከፍሎ ታችኛውን አሸንጌ፣ ላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየመው፤ መጽሐፉም በ1870 ወጣ። ጎንደርን ግን አልረገጠም።

ሌላው እርምጃ የመጣው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ. መካከል ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ታዛቢ ጣቢያ አቋቋሙ። ዓላማው በመጀመሪያ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል መለካት ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገብ ኋላ ታከለበት። የሥነ ምድር ባለሙያው ፖል ሞር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በመጽሐፍ ሲያጠናቅሩ፣ ከ1967 ጀምሮ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሃሩን ታዚየፍ የፈረንሳይና የጣሊያን ባለሙያዎችን ይዘው በአፋር የሚገኘው ኤርታ አሌ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪው ዓይን ከደጋው ወደ አፋር ዞረ።

አደጋን አስቀድሞ መገመት ራሱን የቻለ ሥራ የሆነው ግን ከመስከረም 1998 ዓ.ም. በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ፤ ከሥሩም ሁለት ኩብ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቅልጥ ዓለት ወደ ስንጥቁ ገባ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ እነ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎች አገሮች ባልደረቦች ጋር አጠኑት። በእንግሊዝ መንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ተከተሉ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሪፍትቮልክ እንደ አሉቶና ኮርቤቲ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች አጥንቷል።

እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች ለዶክትሬት ተማሪም በር ይከፍታሉ። የትምህርት ክፍያው፣ የኑሮ አበሉና የመስክ ወጪው ከተሸፈነ ተማሪው ሥራውን በአመድ ይጀምራል። ፍንዳታዎች በጽሑፍ ባልተመዘገቡበት አካባቢ የፍንዳታ መዝገብ የሚገኘው በሐይቅ ደለልና በገደል ቁርጥ ውስጥ ከተከማቸው አመድ ነው፤ ተማሪው ንብርብሩን ይቆጥራል፣ ዕድሜውን ይለካል፣ ስፋቱን በካርታ ያወጣል። ከዚያ የነፋሱን አቅጣጫ ጨምሮ የትኛው መንደር በምን ያህል አመድ ሊሸፈን እንደሚችል ያሰላል። ርዕሱን የሚቀርጸው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ያመጣው ፕሮፌሰር ስለሆነ፣ ዳባሁን የመሰለ ዜና የሌለው የጎንደር ደጋ ተራውን መጠበቁ አይደንቅም።

እንዲህ ያለው ስሌት ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳየው ይህ ነው፦ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ፣ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ አመድ አወጣ። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ የግጦሽ መሬት ሸፍኖ ከየመንና ከኦማን አልፎ እስከ ሕንድ ሄደ።