ዋስ የሌለው መሐላ

በምናብ አገር ላይ የሚጻፉ ልብ ወለዶች በመካከላችን እየበዙ መጥተዋል። እሰየው ነው። ለአማርኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ ታሪኩን ያስኬደው ካርታ ላይ በማይገኝ አገር ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ በምናብ አገር ጀመረ ማለት ነው።

ይሁንና በእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ ደጋግመን የምናየው አንድ ድክመት አለ። ጀግናው ሰይፉን መዝዞ «በሰባቱ አማልክት!» ብሎ ይምላል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ስለ ሰባቱ አማልክት ወሬ የለም። መሐላው ቢፈርስ ማን እንደሚጎዳ፣ ማን እንደሚጠይቅ አናውቅም። አሮጊቷም ትራገማለች፤ እርግማኗ ግን ከአፏ ወጥቶ የትም አይደርስም። ታዲያ አንባቢ ለምን ይደንግጥ?

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ መሐላና እርግማን ከመፈጠራቸው በፊት ዋሳቸው መፈጠር አለበት። የሚያዝ ነገር፣ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚያስከፍል ክንድ ያስፈልጋል። ይህንን ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም፤ የራሳችን ታሪክ ይበቃል።

በመጀመሪያ አፋችን ላይ ያለውን እንመልከት። «እናቴ ትሙት» ስንል ሳይነገር የቀረ ግማሽ አለ፤ «ዋሽቼ እንደሆነ» የሚለው። እናት መያዣ ሆና ቀርባለች። «ማርያምን»፣ «ሚካኤልን» ስንል ደግሞ ግሡ ተውጦ ቀርቶ «ን» ብቻዋን ትቆማለች። ሙስሊሙ ወንድማችን «ወላሂ» ሲልም «እምላለሁ» ማለት አያስፈልገውም። ቃሉ ያጠረው ሰሚው ቀሪውን ስለሚያውቀው ነው። እንግዲህ በምናብ አገር የሚኖር ሰውም መሐላውን እየተነተነ አይምልም። «የተራራው ጌታ፣ የነጎድጓዱ አባት ዙፋን ምስክሬ ይሁን» እያለ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው የት አገር ነው ያለው?

ከአፍ ወደ አደባባይ እንውጣ። በዘውዱ ዘመን «ምኒልክ ይሙት»፣ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» የዘወትር መሐላ ነበር። ለባዕድ ጆሮ የአመፅ ቃል ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ማይው የንጉሡን ሕይወት መያዣ አድርጎ ማቅረቡ ነበር። ዋሽቶ የተገኘ እንደሆነ ባላጋራውን ብቻ ሳይሆን ንጉሡንም ደፈረ ይባላል። ከዚሁ ጋር «በሕግ አምላክ!» ወይም «በንጉሥ አምላክ!» የሚለው ቃል ነበር። ይህን የተባለ ሰው በደንቡ ባለበት መቆም ግድ ነበረበት። ከዚያ ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ፖሊስ ባልነበረበት ገጠር ቃል የፖሊስን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ይህን ያስቻለው የቃሉ ውበት አልነበረም፤ ከቃሉ ጀርባ ዳኛ፣ ከዳኛው ጀርባ ባላባት፣ ከባላባቱ ጀርባ ዙፋን ስለነበረ ነው።

ዙፋኑ ሲናጋስ? ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ሞታቸው በይፋ ሳይነገር ተሸሸገ። በእነዚያ ወራት «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው ቢኖር፣ የማለው በሞተ ሰው ሕይወት ነበር። ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሞቱ። የሞተ ሰው መያዣ አይሆንም። የንጉሡ መሐላ ቀስ እያለ ከአፍ ወጣ፤ የእናት መሐላ ግን እስከ ዛሬ አለ። መንግሥት ሲለወጥ ከመሐላው የትኛው ይወድቃል፣ የትኛው ይቀራል? ይህን ያሰበ ደራሲ አንድ አገር መፍጠር ጀምሯል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ንጉሡ ራሱ ሲምልስ በማን ይምላል? «እኔ ልሙት» ቢል የሚያስፈራ አይመስልም። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ አድዋ ሲጠሩ ባወጁት አዋጅ፣ አቅም ኖሮት ወስልቶ የሚቀረውን ሰው እንደማይምሩት የማሉት በማርያም ነው፤ አማላጅ እንደማይቀበሉም አስታወቁ። ቆም ብለን እናስብ። በሕዝቡ እምነት ማርያም የአማላጆች ሁሉ አማላጅ ናት። ምኒልክ አማላጅ እንደማይሰሙ የማሉት በአማላጅቱ ስም ነው። አድማጩ ለመሸሽ የሚያስባት የመጨረሻዋ በር በዚያች አንዲት ቃል ተዘጋች። ይህን ያህል የታሰበበት መሐላ በልብ ወለድ ብናገኝ «ደራሲው ጎበዝ ነው!» እንል ነበር።

አሁን ወደ እርግማን እንምጣ። ሕመም የጸናባቸው ምኒልክ በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ማድረጋቸውን ሲያስታውቁ፣ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን ሰው «ጥቁር ውሻ ይውለድ» ብለው ረገሙ። መኳንንቱም ማሉ። እርግማኑ የተነጣጠረው በሰውየው ሥጋ ላይ አይደለም። ርስቱ፣ ስሙ፣ ቤቱ ሁሉ በዘር የሚተላለፍበት ባላባት ከሞቱ ይልቅ የሚፈራው ወራሹን ነው፤ እርግማኑ የተወረወረው እዚያ ላይ ነው። ርስት ለሌለው፣ ዘሩን ለማይቆጥር ሕዝብ ብንወስደው የስድብ ያህል እንኳ አይከብድም። ስለዚህ የማንም ሕዝብ እርግማን ያ ሕዝብ የሚሳሳለትን ነገር ይነግረናል። ገበሬው «ዘርህ አይብቀል» ይላል። ጎረቤቱ «ቀባሪ ያሳጣህ» ይላል፤ ለቅሶ ደራሽ የሌለው ሰው በእኛ ዘንድ ከሞት የባሰ ሞት ስለሞተ ነው።

የታሪኩ ፍጻሜ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስተምራል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ኢያሱን ለመሻር አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ሠራዊት ነበራቸው፤ በኢያሱ ላይ የሚያቀርቡት ክስም ነበራቸው። ነገር ግን ምለዋል። መሐላው እንደ ግንብ ፊታቸው ቆመ። ስለዚህ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው እንዲፈቷቸው ተፈለገ፤ አቡኑም ፈቱ፣ ኢያሱንም አወገዙ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ሰገሌ ላይ ገጥመው ብዙ ሰው አለቀ። ልብ እንበል፦ ያን ሁሉ የጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከጦርነቱ በፊት መጀመሪያ ያስፈለጋቸው ከአንድ ቃል መፈታት ነበር።

በምናብ ልብ ወለድ ይህን ካወቁት አንዱ እንግሊዛዊው ቶልኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ የተራራ ሰዎች ለንጉሥ ኢሲልዱር በኤሬክ ድንጋይ ላይ ይምላሉ፤ ጦርነት ሲመጣ ግን አይወጡም። ንጉሡም መሐላቸውን እስኪፈጽሙ ዕረፍት እንዳያገኙ ይረግማቸዋል። ሞተው እንኳ አያርፉም፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ የንጉሡ ወራሽ አራጎርን ጠርቷቸው ቃላቸውን ሲፈጽሙ ነው ነፃ የሚያደርጋቸው። የተማለበት ቦታ አለ፤ የከዳ ሰው ዕዳ አለ፤ ሊፈታ የሚችለው ሰውም የታወቀ ነው። እርግማኑ የሚያሳምነን ለዚህ ነው።

መሐላ ደግሞ እንደ ሳንቲም በእጅ ብዛት ይላላል። በእንግሊዝ አገር የአምላክን ቁስል የሚጠራው መሐላ ተቆራርጦ «ዛውንድዝ» የሚባል ቃል ሆነ፤ አፍ ይምላል፣ ጆሮ ግን አምላክን አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1606 የወጣው ሕግ በመድረክ ላይ የአምላክን ስም በከንቱ የጠራ ተዋናይ ለእያንዳንዱ ጥፋት 10 ፓውንድ እንዲቀጣ አዘዘ። የእኛ ደግሞ በሌላ መንገድ ለዘበ። «በሞቴ!» የሞት መሐላ ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ግን እንግዳው አንድ ጉርሻ እንዲጨምር ነው። «አፈር ስሆን ብላ!» ያለችን እናት ራሷን ወደ መቃብር እየወረወረች ነው ምሳ የምታበላን። አስፈሪው ቃል ወደ ማዕድ ገብቶ ፍቅር ሆነ። እንግዲህ በአንድ የምናብ አገር ውስጥ ሁሉም ሰው እኩል ክብደት ባለው ቃል መማል የለበትም። አዛውንቱ የሚፈሩትን ቃል ልጆች ይጫወቱበት፤ ዳኛው ፊት የሚያስቀጣው ቃል ወጥ ቤት ይሳቅበት።

እስቲ አንድ እንሞክር። ክብሪት የሌለበት ብርዳም ደጋ እንፍጠር። እሳት የሚገኘው ከጎረቤት ፍም በመጫር ብቻ ነው። እዚያ የከበደው እርግማን «ፍም የሚሰጥህ አይኑር» ይሆናል፤ ቀጥሎም ያጥርና «ፍም አጣ!» ይባላል። መሐላው «ምድጃዬን!» ይሆናል፤ ግሥ አያስፈልገውም። ልጆች በጨዋታ «ጭሴን!» ይላሉ። አስከፋዩ ማነው? መንደሩ ነው፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ገሉን ይዞ በር ሲያንኳኳ አይከፈትለትም። አማልክት እንኳ ሳንጠራ የሚያስፈራ ቃል አገኘን።

የመጨረሻውና ትልቁ ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ከመሐላ የሚፈታው ማን ነው? በ1909 መኳንንቱ ጳጳስ ጠርተው ተፈቱ። በንጉሥ ስም ምሎ ዕዳ ያለበት ጭሰኛ ግን ማንን ይጠራ ነበር? ለእሱ «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ተረት እንደ ሕግ ቆሞበታል፤ ለጌቶቹ ደግሞ ሕጉ ራሱ መፍቻ ነበረው። መሐላ ሁሉንም እኩል ያስራል ይባላል፤ መፍቻው ግን በጥቂቶች እጅ ነበር። በምናብ አገሮቻችን ውስጥ ንጉሥና እረኛ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል ይማሉ፤ ሁለቱም ቃላቸውን ይብሉ። ከዚያ ማን እንደተፈታና ማን እንደታሰረ ጽፈን እናሳይ።