የሚቆጠረውና የማይቆጠረው፦ አንድ የሰዋስው ትምህርት በፎገራ



የዛሬው ርእሴ በአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞች» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ክፍፍሉ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን ሳይረዱ ማስተማር ሕፃኑን ባላጠፋው ጥፋት መቅጣት ይሆናል።

ከጣራ ገዳም ተራራ እስከ ወረታ ሜዳ በሚዘልቀው አገር ሰዋስው ሲባል ለብዙ ዘመን የግእዝ ነበር። የቅኔ ተማሪ ነጠላና ብዙን ጠንቅቆ ይለያል፤ ይሁን እንጂ «ማይ» በግእዝ «ማያት» ተብሎ ይበዛልና ውሃ ብዙ ቁጥር የለውም የሚል ሕግ አልገጠመውም። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስዋቸውን በ1935 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላም፣ በአማርኛ ትምህርት ጎልቶ የቆየው የተጸውዖ፣ የወል፣ የጥቅልና የረቂቅ ስም ክፍፍል ነው። የሚቆጠርና የማይቆጠር የሚለው በስፋት የገባው በእንግሊዝኛ ትምህርት በኩል ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ሲወስን ትምህርቱ ገና ፊደል ወደሚለዩ ልጆች ቀረበ።

አሁን የፎገራን ልጅ እናስብ። ሜዳው በከብቱ ስመ ጥር ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ገባ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ከዚያው አገኘ። ልጁ ከብትና ሩዝ እያየ ያድጋል። መምህሩ «በእጅ የሚቆጠር፣ የሚቆጠር ስም ነው» ሲለው ያምናል። ገንዘብ ግን ገበያ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚቆጠር ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ከማይቆጠሩት መደበው። ዳቦ፣ ምክርና ዜናም እንዲሁ። ከብትን ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ብዙ ይይዘዋል፤ «አንድ ከብት» ማለትን አይፈቅድም። ልጁ በአማርኛ አስቦ ቢሳሳት የተሳሳተው ልጁ ሳይሆን የተሰጠው ማብራሪያ ነው። መቆጠር የነገሩ ባሕርይ አይደለም፤ ቋንቋው ነገሩን የሚያይበት መንገድ ነው።

አማርኛም ይህን ልዩነት አያጣውም፤ የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። «ብዙ ሰው» እና «ብዙ ውሃ» እንላለን፤ «ብዙ» ለሁለቱም ያገለግላል። «ሁለት በሬ» ስንል ስሙን ማብዛት ግዴታ አይደለም። ስንጠይቅ ግን ልዩነቱ ይወጣል፦ «ስንት በሬ?»፣ «ምን ያህል ውሃ?»። «ስንት ውሃ?» ያለ ሰው ብርጭቆውን ወይም ጠርሙሱን እየቆጠረ ነው። ጤፍና ሩዝ በቁና፣ በጣሳ፣ በኩንታል ይሰፈራሉ፤ ነጠላውን ስንፈልግ «አንድ ፍሬ ሩዝ»፣ «አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንላለን።

ስለዚህ መምህራን ከዚህ እንዲነሡ እመክራለሁ። ልጁ አስቀድሞ ጣሳውንና ቁናውን ይጥራ፤ ቀጥሎ እንግሊዝኛ የትኞቹን ስሞች ያለ መስፈሪያ እንደማይቆጥር ይማር። ገንዘብን፣ ዳቦንና ከብትን የመሰሉት የእንግሊዝኛ ልማድ መሆናቸው በግልጽ ይነገረውና በቃሉ ይያዛቸው። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛውን ቋንቋ የሚማረው የመጀመሪያውን እያፈረ ሳይሆን በእርሱ ላይ ቆሞ ነው።