ከጎዳና ወደ መድረክ፦ የአዱኛ የወጣቶች ዳንስ ቡድን ታሪክ

ጭፈራ በኢትዮጵያ ሕዝቦች ኑሮ ውስጥ ሥር የሰደደ ኪነት ነው። በእስክስታ ትከሻ ይናገራል፤ በጉራጌ ጭፈራ እግር መሬቱን ያነቃል። ሠርጉ፣ ጥምቀቱና የድል በዓሉ ሁሉ መድረኩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጭፈራ የተከበረ ሙያ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። አዝማሪ የሚለው መጠሪያ እንኳ ለረጅም ጊዜ የንቀት ስም ሆኖ ኖሯል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ለብዙ ወጣቶች የመድረክን በር ከፈቱ። ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ ግን አብዛኞቹ ተበተኑ።

አዱኛ የተፀነሰው ከዚህ በኋላ ነው። መንታ ልጆች ያሏቸውን ችግረኛ ቤተሰቦች ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1983 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ጀሚናይ ትረስት፣ እንግሊዛዊውን የዳንስ ቀማሪ ሮይስተን ማልዱምን ወደ ከተማይቱ ጋበዘ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማልዱም ከመቶ ከሚበልጡ የጎዳና ልጆች ጋር የጀርመናዊውን የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» ለትርዒት አበቃ። ቀን ጫማ ሲጠርግ፣ ማታ በረንዳ ላይ ሲያድር የሚታየው ልጅ ሥርዓት ባለው ልምምድ ራሱን ገዝቶ በመድረክ ላይ ቆመ።

ጥያቄው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነበር። ጭብጨባው ሲበርድ ልጁ ወዴት ይመለሳል? አንድ ምሽት የከበረ ሰው በማግሥቱ ወደ ጎዳናው ቢወርድ፣ ትርዒቱ የተመልካቹን ኅሊና ከማስደሰት አልፎ ምን ጠቀመ? መልሱ አምስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ሆነ። 18 ወጣቶች ተመርጠው በዘመናዊ ዳንስ፣ በጭፈራ ቅንብርና በማስተማር ዘዴ ሠለጠኑ፤ አዱኛ የኅብረተሰብ ዳንስ ቲያትርም ቆመ። ስሙ በአማርኛ ሀብትንና ተድላን፣ በኦሮምኛ ደግሞ ዓለምን ያመለክታል።

የቡድኑ ትልቁ ቁም ነገር «የኅብረተሰብ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ሠልጣኞቹ የተማሩትን ለሌሎች እንዲያስተምሩ ታስቦ ነበርና ከጨፋሪነት ወደ መምህርነት ተሸጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ካንዱኮ የተባለውን ቡድን በእንግሊዝ አገር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ ጋር ሲሠራ፣ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችም ከቡድኑ ጋር መጨፈር ጀመሩ። በዚህ አሠራር በክራንች የሚሄደው ወጣት የሌላውን እርምጃ እንዲኮርጅ አይገደድም፤ የክራንቹ ምት ራሱ የጭፈራው ምት ይሆናል። በከተማይቱ አደባባይ ለምጽዋት እጁን ሲዘረጋ ብቻ ይታይ የነበረ አካል የኪነት ባለቤት ሆኖ ታየ።

ከአባላቱ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ በጃፓናዊው ቀማሪ በሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጁነይድና ባልደረባው አዲሱ ደምሴ «ዴስቲኖ» በተባለው ዝግጅት በለንደን የሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቀረቡ። በዚያው ስም የሚጠራ የዳንስ ቡድንም በአዲስ አበባ መሠረቱ። ማልዱምም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን 250 ያህል ወጣቶችን ከከተማው ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በአንድ መድረክ አሰልፏል።

የዳንሱ ቋንቋ ከውጭ የመጣ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ባህል የሚያድገው ከሌላው የተቀበለውን በራሱ አፍ ሲናገርበት ነው። የአዱኛ ታሪክ የሚመዘነውም በተጓዘበት አገር ብዛት ሳይሆን፣ አንድ ወቅት ተማሪ የነበረው የጎዳና ልጅ ዛሬ በሌሎች ልጆች ፊት መምህር ሆኖ በመቆሙ ነው። ተሰጥኦ በየመንደሩ አለ፤ የሚጎድለው አምስት ዓመት የሚታገሥ አስተማሪ ነው።