ከዘር እስከ ካብ፦ የዓለማየሁ ዋሴ ምርምር በደቡብ ጎንደር ዐጸዶች

ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል ወደ ጉና የሚወጣ መንገደኛ ባሕር ዛፉን ከተወው ከሩቅ የሚያየው ደን ባብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። በዐጸዶቹ መካከል ያለው ታርሷል፣ ያልታረሰው ይጋጣል። የሥነ ምሕዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሙያ ዘመናቸውን ትልቁን ድርሻ የሰጡት ለእነዚህ ደኖች ነው። በእኔ ግምገማ የሥራቸው ዋና ፋይዳ አንድ ጥያቄን ሳይለቁ መከታተላቸው ነው፦ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ለምን አይገኝም?

መነሻው ቆጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት 28 የደቡብ ጎንደር ዐጸዶችን መርምረው 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎች መዝግበዋል። የዝርያዎቹን ስብጥር ከሁሉ በላይ የሚወስነው የቦታው ከፍታ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለጥበቃ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የደጋው ዐጸድ የያዘውን የወይና ደጋው አይተካውም፤ ስለዚህ ሰፋፊዎቹን ብቻ መርጦ መጠበቅ አያዋጣም።

ቆጠራው ግን የቆመውን ዛፍ እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። ከፕሮፌሰር ደምል ተከታይ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ወደ አፈሩ ወረደ። በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው ዘር በአመዛኙ የሣርና የቅጠላ ቅጠል ነው፤ የዛፍ ዘር እጅግ ጥቂት ነው። ትርጉሙ ከባድ ነው፦ እናቲቱ ዛፍ ከተቆረጠች መሬቱ ያስቀመጠላት ምትክ የለም። መሬት ላይ የወደቀውንም ዘር አይጥና ነፍሳት ይበሉታል፤ የተረፈው የብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር ደግሞ የመብቀል አቅሙን ቶሎ ያጣል። ታዲያ በሕይወት የሚተርፈው ቡቃያ ምን ያገኘዋል? ይህን ለማወቅ የጽድ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘሮችና ችግኞች በታጠረና ባልታጠረ መደብ ተፈተኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ ከብት በማይገባበት ቦታ ቡቃያው የተሻለ በቀለ፣ የተሻለም ተረፈ። የከብቱ ጥርስና ኮቴ ከዘር በላዎች ያመለጠውን ያጠፋዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ምርምሩ ወደ ተግባር ተሻገረ። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ለካህናቱ ከሰማይ የተነሡ ምስሎችን አሳዩ፤ ደኑ ከዳር እየተበላ መሆኑ በዓይን ታየ። ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ ዐጸዱን በካብ ማጠር ጀመሩ። ለእርሻው ዕንቅፋት የነበረው ድንጋይ ለደኑ ቅጥር ሆነ፤ ገበሬውም ደኑም ተጠቀሙ። ለሥራው መሳካት ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለዚህ የጥቅም መገናኘትና ለደብሩ ሥልጣን ነው፤ የአጥቢያው ሰው ያላመነበትን አጥር የሚጠብቅለት የለም።

ሆኖም ካብ የሚመልሰው አንዱን መንስኤ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ለገቢ የሚተከለውን ባሕር ዛፍ አያስቆምም፤ እናት ዛፍ የጠፋበትንም ዐጸድ ብቻውን አይመልስም። በእንዲህ ያለው ቦታ በከፍታ ከሚቀራረበው ደብር ዘር ለቅሞ ማፍላትና መትከል ያስፈልጋል። ቀጣዩ ሥራ እነዚያኑ 28 ዐጸዶች በዚያው ዘዴ ዳግም መለካት፣ ካብ ያላቸውንም ከሌላቸው ጋር ማነጻጸር ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዚህ ከማንም ይልቅ ይቀርባሉ።